ስለ ዱር ፖም፣ ስለ ቀጋና ስለ ኮሽም

በመጸው ወራት ስለሚገኙ የደጋ ፍሬዎች፣ ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ መምህራንና ሽማግሌዎች የቀረበ ትምህርት

መግቢያ

እህል ሰውን ያኖረዋል፤ ፍሬ ግን ልጅን ደስ ያሰኘዋል። ገበሬው ገብሱን አጭዶ፣ ወቅቶ፣ ከጎተራ እስኪያገባ ድረስ ልቡ አያርፍም፤ ውርጭ ይመታው፣ በረዶ ያራግፈው፣ ዋግ ይይዘው ይሆን እያለ ይጨነቃል። እረኛው ልጅ ግን ማንም ሳያርስለት፣ ማንም ሳይዘራለት፣ ከገደሉ አፋፍ የቀላ ቀጋ ቀጥፎ ይበላል፤ ለታናሽ እኅቱም በልብሱ ጫፍ ቋጥሮ ይዞላት ይገባል። ይህን ፍሬ ከመብል የሚቆጥረው ሰው ጥቂት ነው፤ «የልጆች መጫወቻ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ነገር ግን በደጋው አገር፣ ዝናቡ ቆሞ ጎመኑ ሲደርቅና ለምለም ነገር ሁሉ ሲጠፋ፣ ለልጅ ሰውነት የሚያስፈልገውን ነገር የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ይኸው የተናቀ ፍሬ ነው።

ስለዚህ ይህ ትምህርት ሦስት ነገር ያስረዳል። መጀመሪያ፣ በሩቅ አገር የዱር ፖም የሚባለው ፍሬ ምን እንደ ሆነና በመከሩ ጊዜ ሰዎች እንዴት ደስ እንደሚላቸው ይናገራል። ሁለተኛ፣ የዚህ ፍሬ ዘመዶችና አምሳያዎች በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ እነማን እንደ ሆኑ ያሳያል። ሦስተኛ፣ እነዚህ ቍጥቋጦዎች እየተቈረጡ እንዳይጠፉ መምህሩና ሽማግሌው በአንድነት ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ያመለክታል።

1. ስለ መጸው ወራት

የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ይከፍሉታል። ክረምት ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ነው። መጸው ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ነው። ሐጋይ፣ ይኸውም በጋ፣ ከታኅሣሥ 26 ቀን እስከ መጋቢት 25 ቀን ነው። ጸደይ ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ነው። ብዙ ሰዎች መጸውን ጸደይ እያሉ ስሙን ይለዋውጡታል፤ መምህሩ ይህን ስሕተት ለተማሪዎቹ ማቅናት ይገባዋል።

የመጸው መጀመሪያ የሆኑት 40 ቀኖች፣ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያሉት፣ ዘመነ ጽጌ ይባላሉ። በዚህ ጊዜ ምድሩ በአደይ አበባ ቢጫ ይሆናል፤ ወንዙ ይጠራል፤ ሰማዩ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ የኅዳር ብርድ ይገባል፤ በመንዝ ሜዳ ላይ ማለዳ ውርጩ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ገበሬውም ገብሱንና ባቄላውን ይሰበስባል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካም እነዚሁ ወራት የመከር ወራት ናቸው፤ ነገር ግን በዚያ አገር ዛፉ ቅጠሉን የሚያራግፍበትና ለበረዶው ክረምት የሚዘጋጅበት ጊዜ ነው። በእኛ አገር ክረምት ሲያልፍ በእነርሱ አገር ክረምት ይቀርባል። ወሩ አንድ ሲሆን የሰማዩ ጠባይ ሁለት መሆኑን ልጆች ቢረዱ፣ የምድርን ክብነትና የፀሐይን አካሄድ ለማስተማር ጥሩ መግቢያ ይሆናል።

የአገሩም ከፍታ ልዩ ልዩ ነው። መንዝ በማማ ምድር፣ በላሎ ምድርና በጌራ ምድር የተከፈለ ሰፊ ደጋ ነው፤ መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3000 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ግሼ ከእርሱ በስተ ሰሜን ያለ ተራራማ አገር ነው። መርሐቤቴ ግን በጀማና በወንጭት ሸለቆዎች የተከበበ ስለ ሆነ፣ ደጋውም ወይና ደጋውም ቆላውም በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ የዱር ፍሬው እንደ ከፍታው ይለያያል። በደጋው ቀጋና እንጆሪ፣ በወይና ደጋው ኮሽምና አጋም፣ ወደ ቆላው ሲወረድ ደግሞ ሾላ፣ ዋንዛና ገባ ይገኛሉ። የሚደርሱበትም ጊዜ በአንድ ቀን የተወሰነ አይደለም፤ ዝናቡ ካቆመ ጀምሮ እንደ አገሩ ሙቀትና ብርድ እየተቀዳደሙ ይደርሳሉ።

2. ስለ ፖም ስም

በግዕዝ ይህ ዛፍና ፍሬው ኮል ይባላል፤ መኃልየ መኃልይን የተማረ ሰው ሁሉ ይህን ቃል ያውቀዋል። ከዓረብኛ የመጣው ስም ቱፋሕ ነው። ከፈረንጅ ቋንቋ የገባው ፖም ነው፤ ዛሬ በገበያ ብዙዎች አፕል ይሉታል። የመጽሐፍ ቅዱስን የአማርኛ ትርጓሜ ያዘጋጁ ሰዎች ግን ፍሬው ባገራችን ስላልነበረ፣ አንባቢው በሚያውቀው ፍሬ መስለው እንኮይ ብለው ጻፉት። እንኮይ ግን የቆላ ፍሬ ነው፤ ከፖም ጋር በዘር አይገናኝም። እንግዲህ ብዙ ስም የተሸከመ፣ በመጽሐፍ የታወቀ፣ በዓይን ግን ለብዙ ዘመን ያልታየ ፍሬ ይህ ነው።

3. የዱር ፖምና የመከሩ ደስታ በሩቅ አገር

የፖም መነሻ አገር የመካከለኛው እስያ ተራሮች ናቸው። በካዛክስታን በቲያን ሻን ተራሮች ላይ የዱር ፖም ደን ዛሬም አለ፤ የአልማቲ ከተማ ስም ራሱ ፖም ከሚለው የአገሩ ቃል ጋር የተያያዘ ነው። ኒኮላይ ቫቪሎቭ የሚባል የሩሲያ የዕፅዋት ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929 ወደዚያ ሄዶ፣ የፖም ምንጩ ያ ምድር መሆኑን ተረዳ። ይህ ሊቅ አስቀድሞ በ1919 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የገብሳችንንና የስንዴያችንን ዘር የሰበሰበ ሰው ነው፤ ኢትዮጵያንም የብዙ ሰብል መነሻ ከሆኑት የዓለም አገሮች አንዷ ብሎ ቈጠራት። እንግዲህ የፖምን አገር ያወቀው ዓይንና የገብስን ሀብት በኢትዮጵያ ያየው ዓይን አንድ ነው።

ትልቁ ጣፋጭ ፖም የሰው ልጅ ለብዙ ሺህ ዓመት እየመረጠ ያሳደገው ነው። የዱር ፖም የሚባለው ግን ትንሽ ነው፤ ወርዱ ከ5 ሳንቲ ሜትር አያልፍም። ጣዕሙ እጅግ ኮምጣጣ ነው፤ አፍንም ይይዛል። እንግሊዞች ክራብ አፕል ይሉታል። በጥሬው የሚበላው ሰው ጥቂት ቢሆንም፣ የዚያ አገር ሰዎች አልናቁትም። በውስጡ ፔክቲን የሚባል የሚያረጋ ነገር ስለሚበዛበት፣ በውሃ ቀቅለው፣ በጨርቅ አጥልለው፣ ከስኳር ጋር ያፈሉታል፤ ሲቀዘቅዝም እንደ ማር ወለላ የጠራ፣ ቀይ፣ በማንኪያ የሚቈረጥ ማርማላታ ይወጣዋል። ውርጭ ሲመታው ይለሰልሳል፤ በዛፉ ላይ የቀረውን ደግሞ በበረዶው ወራት ወፎች ይመገቡታል።

የፖም መከር በደረሰ ጊዜ የገጠሩ ሰው ሁሉ ይወጣል። ወንዶች መሰላል ያቆማሉ፤ ሴቶች ቅርጫት ይይዛሉ፤ ልጆች የወደቀውን ይለቅማሉ። የተመታው ለመጭመቂያ፣ የተቦካው ለአሳማ፣ ደኅናው ለጎታ ይለያል። ከፊሉን እየከተፉ በፈትል ሰክተው ያደርቁታል። ለክረምት የሚቀመጠውን ግን በቀዝቃዛ ክፍል በገለባ ላይ አንዱ ሌላውን ሳይነካ ይደረድሩታል። ይህን የሚያደርጉበት ምክንያት አንዱ የበሰበሰ ፖም ሌላውን ስለሚያበላሽ ነው። የዛሬ ሊቃውንት ምክንያቱን አግኝተውታል፤ የበሰለ ፖም ኤቲሊን የሚባል የማይታይ ትነት ያወጣል፤ ያም ትነት አጠገቡ ያለውን ሳይታሰብ ያበስለዋል። ክፉ ባልንጀራ እንዴት እንደሚጎዳ ለሚያስተምር መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

4. የፖም ዘመድ የሆነው ቀጋ

ፖም በመንዝ ዱር አልበቀለም፤ ዘመዶቹ ግን በየገደሉ አሉ። የዕፅዋት ሊቃውንት ፖምን ከጽጌ ረዳ ወገን ይቈጥሩታል። ከዚሁ ወገን የሆኑት ባገራችን ቀጋ፣ እንጆሪ፣ ኮክና ኮሶ ናቸው። ይህን ዝምድና በዓይን ለማየት ቀላል ነው። የቀጋን፣ የእንጆሪንና የኮክን አበባ ልጆች አምጥተው ቅጠሎቹን ቢቈጥሩ አምስት አምስት ሆነው ያገኙአቸዋል፤ የፖምም አበባ እንዲሁ አምስት ነው። የፖም ፍሬ በወገቡ የተቈረጠ እንደ ሆነ፣ በመካከሉ አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ ይታያል። በፖም ፍሬ ጫፍ ላይ የአበባው ደረቅ ከለላ እንደ ትንሽ ዘውድ ተጣብቆ ይቀራል።

ቀጋ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር ተኩል ከፍ ይላል፤ ዛፍ ተደግፎ የወጣ እንደ ሆነ ግን ከዚህ ይበልጣል። እሾኹ እንደ ድመት ጥፍር የተቈለመመ ነው፤ አበባው ነጭ ወይም ፈዛዛ ቢጫ፣ ሽታውም መልካም ነው። ከ1900 እስከ 3300 ሜትር ከፍታ ባለው ምድር፣ በወንዝ ዳር፣ በገደል አፋፍና በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ ይበቅላል። ሊቃውንት ያወጡለት ስም የሐበሻ ጽጌ ረዳ ማለት ነው፤ ይህም ስም ጆን ሊንድሌይ የሚባል እንግሊዛዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1820 ስለ ጽጌ ረዳዎች ባሳተመው መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል። ከሰሐራ በረሃ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪካ በተፈጥሮው የሚበቅል ሌላ ጽጌ ረዳ የለም። ከባሕረ ኤርትራ ማዶ በየመን ተራሮችም ይገኛል። እንግዲህ የደጋው ልጅ ሲጫወትበት የሚውለው ቍጥቋጦ በዓለም ሊቃውንት ዘንድ እንግዳ ሀብት ነው።

ፍሬው ሲበስል ብርቱካናማ ቀይ ይሆናል። የሚበላው የላይኛው ሥጋው ነው፤ በውስጡ ያሉት ብዙ ፍሬዎች በጥቃቅን ጠጕር የተሸፈኑ ስለ ሆኑ ጉሮሮን ያሳክካሉ። ስለዚህ ፍሬውን ከፍሎ ዘሩንና ጠጕሩን በሚገባ አራግፎ፣ በውሃ አጥቦ መብላት ያስፈልጋል። እረኞች ይህን ያውቃሉ፤ ታናናሾች ግን ሳያራግፉ ይውጣሉና መምህሩ ያስተምራቸው።

የጽጌ ረዳ ፍሬ ሁሉ ቪታሚን ሲ የሚባል ነገር በብዛት አለበት። ይህ ነገር ከሰው ሰውነት ለረዥም ጊዜ የጠፋ እንደ ሆነ ድድ ይደማል፣ ጥርስ ይነቃነቃል፣ ቁስል ቶሎ አይሽርም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብርቱካን የሚያመጡ መርከቦች ወደ እንግሊዝ አገር መግባት በተቸገሩ ጊዜ፣ የአገሩ መንግሥት ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የዱር ጽጌ ረዳ ፍሬ እንዲሰበሰብ አዘዘ። ፍሬውን ከየመንገዱ ዳር የለቀሙት በብዛት የትምህርት ቤት ልጆችና የገጠር ሴቶች ነበሩ፤ ጭማቂው ከስኳር ጋር ተዘጋጅቶ ለሕፃናት ይሰጥ ነበር። መርከብና ፋብሪካ ያለው ታላቅ መንግሥት በችግሩ ቀን የተማጠነው በእሾኽ መካከል ያለውን ትንሽ ፍሬ ነበር። በእኛም አገር በድርቅ ዘመን የዱር ፍሬና ቅጠል የስንቱን ነፍስ እንዳቆየ የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. መከራ የደረሰባቸው ሽማግሌዎች ለልጆች መንገር ይችላሉ።

ቀጋን ለቤት ማዘጋጀት የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያድርግ። በደንብ የቀላውን ፍሬ ይልቀም፤ ይጠብ፤ ይክተፍ፤ በፈላ ውሃ ውስጥ ጨምሮ ጥቂት ጊዜ ብቻ ያፍላው። ከዚያም ጠጕሩ እንዳያልፍ በንጹሕ ድርብ ጨርቅ ሁለት ጊዜ ያጥልለው፤ ሲቀዘቅዝ ማር ይጨምርበት። ለዚህ ሥራ የሸክላ ድስት መልካም ነው፤ የመዳብ ዕቃ ግን ቪታሚኑን ስለሚያጠፋ አይስማማም። ብዙ ማፍላትም እንዲሁ ያጠፋዋል። ማር ለሕፃን ከአንድ ዓመት በታች አይሰጥም።

5. ስለ ኮሽም

ፖምን በዘር የማይዛመደው፣ በመልክና በጠባይ ግን ለዱር ፖም የቀረበው ኮሽም ነው። ፍሬው ክብ፣ ሲበስል ቢጫ ወደ ብርቱካናማ የሚሄድ፣ ጣዕሙም ኮምጣጣ ነው። በደቡብ አፍሪካ ያለውን የኮሽምን የቅርብ ዘመድ እንግሊዞች ኬይ አፕል፣ ማለት የኬይ ወንዝ ፖም ብለውታል፤ መልኩ ፖም ስለ መሰላቸው ነው። የዛሬ ሊቃውንት ግን ኮሽምን ከአኻያ ዛፍ ወገን ይቈጥሩታል። አኻያ በወንዝ ዳር ያለ እሾኽ የሌለው ዛፍ ሲሆን፣ ኮሽም ረዥም እሾኽ ያለው ነው፤ መልክ ሳይመሳሰል ዘር አንድ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ይታወቃል።

ኮሽም ለዐጥር የተፈጠረ ይመስላል። እሾኹ ከብትንም ጅብንም ይከለክላል፤ ሲቈረጥ መልሶ ያቆጠቍጣል። ፍሬውን በጥሬው የሚበሉት በተለይ ልጆች ናቸው፤ ከስኳር ወይም ከማር ጋር ያፈሉት እንደ ሆነ ግን እንደ ዱር ፖም ማርማላታ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። እምቧይም ሲበስል ቢጫና ክብ ፍሬ ያወጣል፤ እርሱ ግን መርዝነት አለውና አይበላም። መለያው ይህ ነው፤ ኮሽም ጠንካራ እንጨት ያለው፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቅ ነው፤ እምቧይ ግን አጭር ቍጥቋጦ ነው፤ ቅጠሉ ጠጕራማና ግራጫ መሳይ፣ እሾኽም በቅጠሉ ላይ ሳይቀር ያለበት ነው። ልጅ የማያውቀውን ፍሬ ታላቁን ሳይጠይቅ እንዳይቀምስ ደጋግሞ መንገር የመምህሩ ግዴታ ነው።

6. የማያፈራው ዛፍ ስላለው ጥቅም

ብዙ ጊዜ ኮሽም የሚጠፋው ባለማወቅ ነው። የኮሽም ወንዴና ሴቴ በየራሳቸው ዛፍ ላይ ናቸው፤ ፍሬ የምትይዘው ሴቴይቱ ብቻ ናት። ወንዴው ያብባል፤ ዱቄቱን ለንብ ይሰጣል፤ ፍሬ ግን አይታይበትም። ይህን ያላወቀ ሰው «ይህ ዛፍ መካን ነው» ብሎ ይቈርጠዋል። የወንዴው ዛፍ ከሰፈሩ ከጠፋ ግን የቀሩት ሴቴዎች በየዓመቱ እያበቡ ሳይፈሩ ይቀራሉ።

ለምሳሌ አንድ ሽማግሌ በዐጥሩ ላይ ያለውን ኮሽም ሊቈርጥ መጥረቢያ ያነሣ እንደ ሆነ፣ መምህሩ በትሕትና እንዲህ ብሎ ሊያስረዳው ይችላል።

«አባቴ፣ ይህን ኮሽም ስለ ምን ሊቈርጡት አሰቡ?»

«ብዙ ዓመት ጠበቅሁት፣ መምህር፤ እሾኹን እንጂ ፍሬውን አላየሁም። ለምጣድ ማገዶ ይሁን ብዬ ነው።»

«በአበባው ጊዜ ንብ ሲሰፍርበት አላዩምን?»

«አይቻለሁ፤ ንቡስ ይወደዋል።»

«ያ ንብ ከዚህ የያዘውን ዱቄት ወደ ጎረቤትዎ ዐጥር ይወስደዋል፤ የእርሳቸው ኮሽም የሚያፈራው በዚህ ነው። እርስዎ ይህን ቢቈርጡት የእርሳቸውም ይመክናል። የኮሶን ወንዴና ሴቴ እርስዎ ለይተው ያውቁ የለምን?»

«አውቃለሁ እንጂ! መድኃኒቱ ከሴቴው ነው።»

«ኮሽምም እንደዚያ ነው፤ አባቴ።»

ሽማግሌው የሚያውቀውን ነገር አስታውሶ የማያውቀውን ማስረዳት ከብዙ ክርክር ይሻላል። ኮሶን የሚያውቅ ሰው ኮሽምን ለመረዳት ሩብ መንገድ አይቀረውም።

በሩቅ አገር የዱር ፖምም ሥራው ይኸው ነው። ብዙው የፖም ዓይነት በራሱ ዱቄት ፍሬ አይዝም፤ ከሌላ ዓይነት ፖም በንብ የሚመጣ ዱቄት ይፈልጋል። ስለዚህ ባለ አትክልቱ በጣፋጩ ፖም ረድፍ መካከል እዚህና እዚያ አንድ አንድ የዱር ፖም ይተክላል። አበባው ብዙ ስለ ሆነና ለረዥም ጊዜ ስለሚቈይ ለሌሎቹ ሁሉ ይበቃል። የራሱ ፍሬ ኮምጣጣ ነው፤ የጎረቤቱ ጣፋጭ ፍሬ ግን ያለ እርሱ ይቀንሳል።

7. ተክሉ ፖም በኢትዮጵያ ደጋ

ተክሉ ፖም በኢትዮጵያ ደጋ የታወቀው በቅርብ ዘመን ነው። በጋሞ ደጋ በጨንቻ አገር ሚሲዮናውያን ከ20ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ገደማ ጀምረው ተከሉት፤ ከዚያ ወዲህ የጨንቻ ገበሬዎች በፍሬውም በችግኙም ሽያጭ ታወቁ። በሰሜን ሸዋ ደጋዎችም ፖም መትከል ተጀምሯል።

የሚተክል ሰው ግን አራት ነገር ማወቅ አለበት። መጀመሪያ፣ ፖም ብርድ ይፈልጋል፤ ከእንቅልፉ ነቅቶ ለማበብ ብዙ ሰዓት በቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። የአውሮፓ ዓይነቶች ብዙዎቹ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እስከ 1000 ሰዓት ያህል ብርድ ስለሚሹ ለእኛ አገር አይስማሙም፤ አና እንደሚባለው ያለ ጥቂት ብርድ የሚበቃው ዓይነት መምረጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ አንድ ዓይነት ብቻ መትከል ከንቱ ድካም ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚያብቡ ሁለት ዓይነቶች በአቅራቢያ ይተከሉ። ሦስተኛ፣ ከፖም ፍሬ የበቀለ ዛፍ እናቱን አይመስልም፤ ጣፋጩን ዘርተው ኮምጣጣውን ያጭዳሉ፤ ስለዚህ የሚተከለው የተዳቀለ ችግኝ ይሁን። አራተኛ፣ በአበባው ጊዜ የመታ ውርጭ የዓመቱን ፍሬ ያጠፋልና ውርጭ የሚተኛበትን ረባዳ ቦታ መሸሽ ይገባል።

ፖም ገንዘብ ያመጣል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ለፖም ቦታ ለማግኘት ሲባል የቀጋውንና የኮሽሙን ዐጥር መንቀል አይገባም። ፖም ዐጥር ይሻል፤ ንብም ይሻል፤ ቀጋና ኮሽም ደግሞ ዐጥርም የንብ ቀሰምም ናቸው። ፖም ውሃና ጠባቂ ይፈልጋል፤ ድሃው ቤት ይህ ላይኖረው ይችላል። ቀጋ ግን ከድሃም ከባለጸጋም ልጅ እጅ አይርቅም።

8. ስለ መጠበቅ

የመንዝ ምድር እንጨት ያንሰዋል፤ ስለዚህ ሕዝቡ ኩበት ያነድዳል። ማገዶ የቸገረው ሰው ከገደሉ አፋፍ ያለውን ቍጥቋጦ ቢቈርጥ አይፈረድበትም፤ ከእሾኹም ለክምሩ ማጠሪያ ይሆንለታል። ነገር ግን ሁሉ በየፊናው የቈረጠ እንደ ሆነ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ አፋፉ ይራቆታል፤ ጎርፍ አፈሩን ይጠርገዋል፤ ንቡ ቀሰም ያጣል፤ እረኛው ልጅም በመጸው ባዶ እጁን ይገባል።

ይህን ለመከልከል ምሳሌው ከሩቅ አገር መምጣት አያስፈልገውም። በጌራ ምድር ያለው ጓሳ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንደ ተጠበቀ በትውፊት ይነገራል። አስቦና ጌራ ከሚባሉት አባቶች የተወለዱት ባለ ርስቶች አለቃ እየመረጡ፣ ሣሩን ለዓመታት ይዘጉት፣ በጊዜው ይከፍቱት ነበር፤ ይህም ሥርዐት ቄሮ ይባላል። የተዘጋበትን ወራት ጥሶ የገባ ሰው ይቀጣ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በታወጀ ጊዜ የቀድሞው ሥርዐት ቆመ፤ ከዚያም በኋላ ሕዝቡ እንደ ዘመኑ አድርጎ ጥበቃውን እንደገና አቋቋመው። ጓሳው ዛሬም ለክዳን ሣር፣ ለቀይ ቀበሮና ለጭላዳ ማደሪያ ሆኖ ይገኛል።

አባቶች ሣርን በመሐላና በወራት መጠበቅ ከቻሉ፣ ልጆቻቸው የቀጋውን አፋፍ መጠበቅ አይከብዳቸውም። በየሰፈሩ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሦስት ነገር ቢወስኑ ይበቃል። 1ኛ፣ ቀጋና ኮሽም ከሥሩ እንዳይነቀል፣ ለዐጥር የሚያስፈልገው ቅርንጫፍ ብቻ እንዲቈረጥ። 2ኛ፣ ካበበበት ጊዜ አንሥቶ ፍሬው እስኪለቀም ድረስ ማንም መጥረቢያ እንዳያሳርፍበት። 3ኛ፣ አንድ ቍጥቋጦ የቈረጠ ሰው በሚመጣው ሰኔ ሁለት እንዲተክል።

9. በትምህርት ቤት የሚደረግ ሥራ

የትምህርት ቤቱ ግቢ ዐጥር ከደረቅ እሾኽ የተሠራ ከሆነ በየዓመቱ ይፈርሳል፤ ለእርሱም ሲባል ሌላ ቍጥቋጦ ይቈረጣል። ሕያው ዐጥር ግን እየቈየ ይጠነክራል። ስለዚህ በክረምት መግቢያ ተማሪዎች ከጠንካራው የቀጋ ቅርንጫፍ እንደ እርሳስ የወፈረውን እየቈረጡ፣ ግማሹን በአፈር ውስጥ እያስገቡ ይትከሉ። ኮሽምን ከዘሩ ያብቅሉ፤ ወንዴና ሴቴው እስኪያብብ ድረስ አይታወቅምና ከዐሥር የማያንስ ችግኝ በአንድ ላይ ይትከሉ። የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት ከፍየልና ከበግ ይጠብቁት።

በመጸው ደግሞ መምህሩ ልጆቹን ወደ አፋፉ ያውጣቸው። ማን የት ቀጋ እንዳለ ከሁሉ አብልጠው የሚያውቁት እረኞች ናቸው፤ በፊደል ወደ ኋላ የቀረው ልጅ በዚያ ቀን መሪ ይሆናል። ፍሬውን እየለቀሙ ይቍጠሩት፤ በቁናም ይስፈሩት፤ በየዓመቱ የተገኘውን በመዝገብ ይጻፉት። ከሦስት ዓመት በኋላ መዝገቡ ቀጋው እየበዛ ወይም እያነሰ መሆኑን ራሱ ይናገራል። ሽማግሌዎችም በጉባኤ የሚከራከሩት በመሰለኝና በደሳለኝ ሳይሆን በተጻፈ ቍጥር ይሆናል። ከለቀሙትም ሁሉ ጥቂቱን በዛፉ ላይ ለወፎች ይተዉ፤ ዘሩን ወደ ሌላ ስፍራ የሚያደርሱት እነርሱ ናቸውና።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. መጸው ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ነው? ዘመነ ጽጌስ ስንት ቀን ነው?
2. ፖም በግዕዝ ምን ይባላል? በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በየትኛው ፍሬ ስም ተጠራ?
3. ከጽጌ ረዳ ወገን የሆኑ አራት ያገራችን ዕፅዋት ጥቀሱ። ዝምድናቸው በምን ይታወቃል?
4. የቀጋ ፍሬ ከመበላቱ በፊት ምን ይደረጋል? ስለ ምን?
5. ኮሽምንና እምቧይን በምን ትለያላችሁ?
6. አባታችሁ የማያፈራውን ኮሽም ሊቈርጥ ቢያስብ ምን ብላችሁ ትነግሩታላችሁ?
7. በሰፈራችሁ ቀጋ በብዛት የነበረበትና ዛሬ የሌለበት ቦታ የት ነው? አያቶቻችሁን ጠይቃችሁ ጻፉ።